እርጥበቱ በየሌሊቱ 100 በመቶ ይላል፦ የሌት ብላይት ስጋት ስሌቴን ልመነው?

ማሳ_ዳታ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድንችና ቲማቲም ጎን ለጎን በተተከሉበት ማሳ ላይ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። በየ10 ደቂቃው የአየር ሙቀት፣ አንጻራዊ እርጥበትና ዝናብ ይመዘግባል። የቅጠል እርጥበት ሴንሰር የለውም። ዳታውን ወደ ሰዓት አማካይ ቀይሬ በፓይተን ስክሪፕት ለድንቹ ሌት ብላይት (ቅጠል የሚያበሰብስ በሽታ) የዋሊንን ሰንጠረዥ፣ ለቲማቲሙ ኧርሊ ብላይት (ሌላ የቅጠል በሽታ) ደግሞ ቶምካስትን አሰላለሁ፤ ሁለቱም ከእርጥብ ሰዓትና ከሙቀት የስጋት ነጥብ የሚያወጡ ዘዴዎች ናቸው። ሦስት ነገር አልገባኝም።

አንደኛ፣ እርጥበቱ ማታ 100 ይገባና ፀሐይ ወጥታ ሰዓታት ካለፉ በኋላም አይወርድም። ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት እንኳ ዋሊን በየቀኑ 3 ወይም 4 ነጥብ ስለሚሰጥ፣ ለመጀመሪያ ርጭት የሚባለው 18 ነጥብ ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል። ቅጠሉ ግን ረፋድ ላይ ደርቆ ይታያል።

ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ላደረ ማሳ ዜሮ ይወጣል። ተከታታይ ሰዓቶቹን የምቆጥረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው።

ሦስተኛ፣ ያለፉትን ዓመታት ለመፈተሽ የኢአርኤ5 ዳታ (ያለፈውን የዓለም አየር ሁኔታ በሞዴል አስልቶ በካሬ በካሬ የሚሰጥ መረጃ) ያገለግላል? ወይስ ሰንጠረዡን ሁሉ ትቶ ማሽን ለርኒንግ ማሠልጠን ይሻላል?

ጤዛ_መለኪያ፦

ከስሌቱ በፊት ሴንሰሩን ይመርምሩ። የእነዚህ ሞዴሎች ጣጣ ሁሉም ነገር እርጥብ ለማለት በሚጠቀሙበት የ90 በመቶ ድንበር ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ የእርጥበት ሴንሰር ደግሞ ይበልጥ የሚሳሳተው እዚያው አካባቢ ነው። ለምሳሌ ቢኤምኢ280 በተባለው ሴንሰር ላይ የሚጻፈው የ3 በመቶ ስህተት ከ20 እስከ 80 በመቶ ላለው ክልል የተሰጠ ነው። ከዚያ በላይ ስላለው ምንም ቃል አልተገባልዎትም።

ረፋድ ድረስ 100 ማለቱ ሴንሰሩ ወይም የማጣሪያ ቆቡ ላይ ውሃ መቅረቱን ያስጠረጥራል። ለማረጋገጥ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ከራስዎ ዳታ የጤዛ ነጥብን (አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ መጣል የሚጀምርበትን ሙቀት) አስልተው ከንጋት እስከ ቀትር ያለውን መስመር ብቻ ይመልከቱ። እርጥበት 100 ከሆነ የጤዛ ነጥብና የአየር ሙቀት እኩል ናቸው። እንግዲህ ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ12 ወደ 18 ዲግሪ ሲወጣ ሴንሰሩ አሁንም 100 ካለ፣ የጤዛ ነጥቡም 6 ዲግሪ ጨመረ እያለ ነው። ቅጠል ላይ ያለው ጤዛ ሲተን የጤዛ ነጥቡን አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። 6 ዲግሪ የሚያህል ጭማሪ ግን፣ ሌላ እርጥብ አየር በነፋስ ካልገባ በቀር፣ ከማሳው አየር አይገኝም። ሴንሰሩ የለካው የራሱን ላብ ነው።

ምክንያቱ ይህ ከሆነ ሦስት ቦታ ይዩ። ቆቡ አቧራና የርጭት መድኃኒት ከያዘ ውሃ አይለቅም፤ ይቀይሩት። ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ክፍተቶቹ ጠባብ ከሆኑ፣ ወይም ቅጠል ወይ የሸረሪት ድር ከዘጋቸው፣ አየር አይገባም። ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት ደግሞ ሽፋኑ ራሱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው ሴንሰርም ገና 93 በመቶ የሆነውን አየር 100 አድርጎ ያነበዋል። ለመጨረሻው ትንሽ ማራገቢያ ያለው ሽፋን ጥሩ መፍትሔ ነው። ኤስኤችቲ31ን የመሰሉ ቺፖች በውስጣቸው ማሞቂያ አላቸው። ጠዋት ለአጭር ጊዜ ቢያበሩት ጠብታውን ያባርራል፤ ነገር ግን ማሞቂያው በርቶ ሳለና ከጠፋ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የተመዘገበውን ንባብ መጣል ግድ ነው።

ከዚያ የጨው ፈተና፦ በታሸገ ማሰሮ ውስጥ ያለ እርጥብ ጨው የታወቀ እርጥበት ስለሚሰጥ ሴንሰሩን ከዚያ ጋር ያወዳድሩታል። ብዙ ሰው በገበታ ጨው ብቻ ፈትሾ ያበቃል፤ እሱ 25 ዲግሪ ላይ የሚሰጠው 75.3 በመቶ ስለሆነ ስለ 90 ብዙ አይነግርም። ሁለተኛ ነጥብ ያስፈልጋል፦ ፖታሲየም ሰልፌት 25 ዲግሪ ላይ 97.3 በመቶ ይሰጣል። ጨውን በጥቂት ንጹሕ ውሃ አርሰው እንደ እርጥብ አሸዋ ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ ከሟሟ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ያልሟሟ ጨው ሁልጊዜ መታየት አለበት። ሴንሰሩ ጨውን ሳይነካ በጠባብ ማሰሮ ውስጥ ይንጠልጠል፣ ክዳኑ አየር እንዳያስገባ ይታሸግ፣ ማሰሮው ሙቀት በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ። ሳጥኑ ለቅንጦት አይደለም፦ በዚህ ክልል ውስጥ ሴንሰሩና ጨው በ1 ዲግሪ ቢለያዩ ንባቡ 6 በመቶ ገደማ ይዛባል።

ለምሳሌ በመጀመሪያው ማሰሮ 73፣ በሁለተኛው 93 ቢያነብ፣ ትክክለኛው 90 በመቶ በእርስዎ ሴንሰር ላይ 86.4 ሆኖ ነው የሚታየው። በሁለተኛው ማሰሮ ላይ 100 ካለ ግን ማስተካከያ ቀመር አይፈልጉ። ንባቡ ጣሪያ ስለነካ ምን ያህል እንዳለፈ አይታወቅም፤ ሴንሰሩን መቀየር ነው።

ሰንጠረዥ_ወዳጅ፦

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። እርጥቡ ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በፊት 6 ሰዓት፣ በኋላ 8 ሰዓት ቢሆን በአጠቃላይ 14 ተከታታይ ሰዓት ነው። 16 ዲግሪ ላይ ዋሊን 2 ነጥብ ይሰጠዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ሲቆርጡት ግን 6 እና 8 ይሆናል፣ ሁለቱም ከ10 በታች ስለሆኑ ዜሮ እና ዜሮ። ቀኑን ከቀትር እስከ ቀትር ያድርጉት። ቶምካስትም ቢሆን 24 ሰዓቱን የሚቆጥረው ከረፋድ እስከ ረፋድ ነው።

ሰንጠረዡን በትክክል ይዘውት ከሆነ ያመሳክሩት። ሰዓቶቹ እርጥበቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ተከታታይ ሰዓቶች ናቸው፦

ከ7.2 እስከ 11.6 ዲግሪ፦ 16–18 ሰዓት 1 ነጥብ፣ 19–21 ሰዓት 2፣ 22–24 ሰዓት 3፣ ከዚያ በላይ 4።
ከ11.7 እስከ 15.0 ዲግሪ፦ 13–15 ሰዓት 1 ነጥብ፣ 16–18 ሰዓት 2፣ 19–21 ሰዓት 3፣ ከዚያ በላይ 4።
ከ15.1 እስከ 26.6 ዲግሪ፦ 10–12 ሰዓት 1 ነጥብ፣ 13–15 ሰዓት 2፣ 16–18 ሰዓት 3፣ ከዚያ በላይ 4።

ብዙ ስክሪፕት ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፦ የሙቀቱ አማካይ የቀኑ አማካይ አይደለም፣ የእርጥቦቹ ሰዓቶች ብቻ አማካይ ነው። የቀኑን ከወሰዱ የቀትር ሙቀት ገብቶ አንድ መደብ ወደ ላይ ይገፋዎታል፤ ከመጠን በላይ ነጥብ ከሚያመጡት አንዱ ይህ ነው። ሌላው፣ የ10 ደቂቃውን ዳታ መጀመሪያ በሰዓት አማካይ አድርጎ ከ90 ጋር ማወዳደር ጫፎቹን ይበላል። በ10 ደቂቃ ደረጃ ይቁጠሩና ድምሩን ለ6 ያካፍሉ። በመሃል አንዲት የ10 ደቂቃ ንባብ 89 ብትል ተከታታዩን አይቁረጡ፤ እስከ ግማሽ ሰዓት ያለውን ክፍተት ዝለሉት። የጎደለ ንባብ ግን ደረቅ ተብሎ አይቆጠርም። ባትሪ ያለቀበትን ሌሊት ስክሪፕቱ ዜሮ ስጋት አድርጎ ካለፈው ሳይረጩ መቅረት ነው፤ «አይታወቅም» የሚል ምልክት ይስጠው።

ነጥቡ መደመር የሚጀምረው ድንቹ ከበቀለ ጀምሮ ነው። 18 ሲደርስ የመጀመሪያው ርጭት፤ ከዚያ በኋላ ግን 18 እስኪሞላ መጠበቅ የለም፣ ያለፉት 7 ቀናት ነጥብና ዝናብ ናቸው በርጭቶች መካከል የሚኖረውን የቀን ብዛት የሚወስኑት። ቀለል ያለ ከፈለጉ ከ2017 ጀምሮ በብሪታንያ የሚሠራበት የኸተን መስፈርት አለ፦ ሁለት ተከታታይ ቀን፣ ዝቅተኛው ሙቀት 10 ዲግሪና በላይ፣ በእያንዳንዱ ቀን ቢያንስ 6 ሰዓት 90 በመቶና በላይ። ከእሱ በፊት የነበረው የስሚዝ መስፈርት 11 ሰዓት ይጠይቅ ነበር። የእርስዎ ሴንሰር ካልተስተካከለ ግን ኸተን በየሌሊቱ ይጮኻል፤ 6 ሰዓት በጣም ትንሽ ነው።

ቶምካስት የተሠራው በቅጠል እርጥበት እንጂ በአየር እርጥበት አይደለም። ሴንሰሩ ከሌለዎት ከጤዛ ነጥብ ይገምቱት፦

ጋማ = ሎግ(እርጥበት ÷ 100) + 17.62 × ሙቀት ÷ (243.12 + ሙቀት)
የጤዛ ነጥብ = 243.12 × ጋማ ÷ (17.62 − ጋማ)

ሎጉ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው፣ ሙቀቱ በሴልሺየስ። የአየሩ ሙቀት ከጤዛ ነጥቡ የሚበልጠው ከ2 ዲግሪ በታች ሲሆን ቅጠሉ ረጠበ ይበሉ። ለመድረቅ ግን ይህንኑ 2 አይጠቀሙ። ልዩነቱ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ እስኪደርስ እርጥብ እንደሆነ ይቆይ፤ የተጠራቀመ ውሃ ለመትነን ጊዜ ይፈልጋልና። ዝናብ የተመዘገበበት ሰዓት ያለ ምንም ስሌት እርጥብ ነው።

የጤዛ_መለኪያ ምክር ለምን እንደማይታለፍ በቁጥር፦ 18 ዲግሪ ላይ 90 በመቶ ማለት የ1.7 ዲግሪ ልዩነት ነው፣ እርጥብ። 88 በመቶ ሲሆን 2.0፣ ድንበሩ ላይ። 85 ሲሆን 2.6፣ ደረቅ። የ3 በመቶ ስህተት አንድን ሌሊት ሙሉ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያዞራል።

ዳታ_ቆፋሪ፦

ስለ ኢአርኤ5። ይቻላል፣ ግን ከማሳዎ ጣቢያ ጋር አንድ አድርገው አይዩት። ኢአርኤ5 አንዱ ካሬው 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኢአርኤ5-ላንድ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከ1950 ጀምሮም በየሰዓቱ ዳታ አለው። ማሳው ሸለቆ ውስጥ ከሆነ የካሬው አማካይ ከፍታ ከእርስዎ 300 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ በተለመደው ስሌት በ100 ሜትር 0.65 ዲግሪ ብለው ቢያርሙ እንኳ ሌሊት ሸለቆ ውስጥ የሚተኛውን ቀዝቃዛ አየር አያገኙትም። ጤዛ የሚወርደው ደግሞ እዚያ ነው።

ሲያወርዱ የሚያደናቅፉት ነገሮች፦ ሙቀትና የጤዛ ነጥብ በኬልቪን ነው፣ 273.15 ይቀንሱ። አንጻራዊ እርጥበት ለምድር ገጽ በቀጥታ የለም፤ ከሁለቱ እርስዎ ያሰሉታል። ዝናብ በሜትር ነው፣ በ1000 ያባዙ። በኢአርኤ5-ላንድ ዝናቡ ከ00 ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ጀምሮ እየተደመረ ስለሚሄድ የየሰዓቱን ለማግኘት ከቀዳሚው መቀነስ አለበት። ይህን የረሳ ሰው ማታ ላይ ትልቅ ዝናብ እየዘነበ ይመስለዋል። ሰዓቱ ሁሉ ዩቲሲ ስለሆነ ከቀትር እስከ ቀትር ከመቁረጥዎ በፊት ወደ አካባቢዎ ሰዓት ይመልሱት። አንድ ነጎድጓድ ማሳዎ ላይ 20 ሚሊ ሜትር አፍስሶ ጎረቤት መንደር ሳይነካ ሲያልፍ፣ ካሬው ላይ ግን ለረጅም ሰዓት ጥቂት ጥቂት እያካፋ የዋለ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ «ዝናብ ካለ እርጥብ» ለሚለው ደንብ ቢያንስ በሰዓት 0.2 ሚሊ ሜትር የሚል ወለል ያስቀምጡ። ጣቢያዎና ኢአርኤ5 አብረው ያላቸውን ወራት ወስደው ሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን ለየብቻ ያስተካክሉ። እርጥበቱን በቀጥታ ማስተካከል አይመከርም፤ ከ100 በላይ የሚወጣ ቁጥር ያመጣል።

ማሽን ለርኒንግ ላይ ግን አጭር ልሁን፦ ገና ነው። በ120 ቀን የሰብል ወቅት ውስጥ 12 ቀን ብቻ በሽታው የሚይዝበት ቢሆን፣ ሁልጊዜ «ስጋት የለም» የሚል ሞዴል 90 በመቶ ትክክል ነው። ከ12ቱ 90 በመቶውን የሚይዝና ከቀሪዎቹ 108 ቀኖች 80 በመቶውን በትክክል የሚለይ ጥሩ የሚባል ሞዴል እንኳ፣ ከሚያሰማቸው 32 ገደማ ማስጠንቀቂያዎች እውነተኞቹ 11 ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛነት የሚባለውን አንድ ቁጥር ትተው የተያዙትንና በከንቱ የተጮኹትን ለየብቻ ይዘግቡ።

ዳታውን በዘፈቀደ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ መክፈል ሌላው ወጥመድ ነው። ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት የአየር ሁኔታ ስላላቸው ሞዴሉ መልሱን አስቀድሞ አይቶታል። በዓመት ወይም በቦታ ይክፈሉ። ከሁሉም የሚብሰው ግን መለያው (ሞዴሉ እንደ ትክክለኛ መልስ የሚማርበት መረጃ) ነው፦ ማስታወሻ ላይ ያለው ምልክቱ የታየበት ቀን እንጂ በሽታው የገባበት ቀን አይደለም። ሌት ብላይት ከገባ በኋላ ቁስሉ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ አሰሳው በሳምንት አንዴ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ቀን የሁለት ሳምንት መስኮት ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ይህንን ሳያስተካክሉ ያሠለጠኑት ሞዴል የሚማረው የአሳሹን የሥራ ቀን ነው። ከሠሩም የዋሊንን ነጥብ እንደ አንድ ግብዓት ያስገቡት፣ ከዚያም ሞዴሉ ዋሊን ብቻውን ከሚሰጠው በምን እንደሚሻል ያሳዩ።

ቢጫ_ዋግ፦

ጥያቄዬ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል፤ ለስንዴ ዋግ ይህ ዓይነት ሰንጠረዥ አለ?

ሰንጠረዥ_ወዳጅ፦

ለቢጫ ዋግ ስፖሩ (የፈንገሱ ዘር) በቅጠል ላይ ቢያንስ 3 ሰዓት ያህል ውሃ ይፈልጋል፣ ምቹው ሙቀት ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ነው። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ ሌሊትና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ጤዛ ይወዳል፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ጠዋት ብርሃንና የሙቀት መጨመር ይጠቅመዋል። ሰንጠረዥ ለሌለው በሽታ በ2005 የወጣውን የማጋሬይን አጠቃላይ ቀመር ይጠቀሙ። የሚፈልገው አራት ቁጥር ነው፦ ዝቅተኛ፣ ምቹና ከፍተኛ ሙቀት፣ እንዲሁም በምቹው ሙቀት የሚያስፈልገው አነስተኛ የእርጥብ ሰዓት።

ምላሽ = (ከፍተኛ − ሙቀት) ÷ (ከፍተኛ − ምቹ) × [(ሙቀት − ዝቅተኛ) ÷ (ምቹ − ዝቅተኛ)] በ[(ምቹ − ዝቅተኛ) ÷ (ከፍተኛ − ምቹ)] ኃይል
የሚያስፈልገው ሰዓት = አነስተኛ ሰዓት ÷ ምላሽ

ለሙከራ ያህል 5፣ 20፣ 30 ዲግሪና 6 ሰዓት ቢያስገቡ፣ 12 ዲግሪ ላይ ምላሹ 0.57 ሆኖ 10.5 ሰዓት ይጠይቃል። ስክሪፕትዎ ይህን ካላወጣ ቅንፍ ተሳስቷል። ዋግ ግን ስፖሩ በነፋስ ከሩቅ ስለሚመጣ፣ ምቹ ሌሊት ብቻውን ምንም አይደለም፤ በአካባቢው ዋግ ታይቷል ወይ የሚለው መረጃ አብሮ ይሂድ።

ርጭት_ቆጣቢ፦

ሁላችሁም ስለ ቁጥሩ ተናገራችሁ፤ ቁጥሩ ምን ሊያስደርግ እንደሚችል እኔ ልጨምር። ማንኮዜብና ክሎሮታሎኒል የተባሉት የርጭት መድኃኒቶች ቅጠል ላይ ቀድመው መገኘት አለባቸው፣ ገብቶ ያለውን አያወጡትም። ትናንት የተሞላ ነጥብ ዛሬ ማስረጨቱ ለእነሱ ዘግይቷል። ስለዚህ ያንኑ ስክሪፕት በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የትንበያ ዳታ ላይም ያስኪዱት፤ ያለፈው ከጣቢያው፣ የሚመጣው ከትንበያ። ትንበያው እርጥበት ላይ ሲስት ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፤ የአንድ ወር ትንበያ አስቀምጠው ከጣቢያው ጋር ቢያወዳድሩ በስንት እንደሚያጋድል ያያሉ።

ሌት ብላይትን የሚያመጣው ፍጥረት ደግሞ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፣ ኦማይሴት (የውሃ ሻጋታ) ነው። በትሪያዞል ወገን ያሉ መድኃኒቶች እሱ ላይ አይሠሩም፤ ለኧርሊ ብላይት ግን ይሠራሉ። ሁለቱን ሰብሎች በአንድ ማስጠንቀቂያ መርጨት የማይሆነው ለዚህም ነው። ሜታላክሲል የተባለውን መድኃኒት ደግሞ የተላመዱ የበሽታው ዝርያዎች በብዙ ቦታ ስላሉ ብቻውን አይመኑት። በልምድ የሚሠራበት የዝናብ ደንብ፦ ከርጭት በኋላ 25 ሚሊ ሜትር ከጣለ መከላከያው ግማሽ ገደማ ሄዷል፣ 50 ሲሞላ እንዳልተረጨ ይቁጠሩ። የዝናብ መለኪያዎ ለዚህ ከእርጥበት ሴንሰሩ ያልተናነሰ ጥቅም አለው፤ ቱቦው በቅጠል እንዳይዘጋ በየሳምንቱ ይታይ።

በቲማቲሙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለው በሽታ ከታየ ይህን ሁሉ ስሌት አይጠቀሙ። እሱ ለመብቀል ቅጠል ላይ ውሃ አይፈልግም፤ በደረቅ ሳምንት ስክሪፕቱ ዜሮ እያለ እሱ ይስፋፋል።

ማሳ_ዳታ (ጠያቂ)፦

በጣም አመሰግናለሁ። የጤዛ ነጥቡን መስመር አወጣሁት፤ ጠዋት ጠዋት ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይወጣና ረፋድ ላይ በአንድ ጊዜ 5 ዲግሪ ይወድቃል። ቆቡን ቀይሬ የጨው ፈተናውን እሠራለሁ። የቅጠል እርጥበት ሴንሰር ልግዛ ወይስ ግምቱ ይበቃል?

ጤዛ_መለኪያ፦

የወደቀበት ሰዓት ጠብታው የተነነበት ነው። የቆየውን ዳታ አይጣሉት፦ ከንጋት በኋላ 100 ብሎ የቆየበትን ክፍል ሰርዘው፣ የንጋቱን የጤዛ ነጥብ ከወደቀ በኋላ ካለው ጋር በቀጥታ መስመር አገናኝተው እርጥበቱን እንደገና ያስሉት። ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ሽፋኑ በመቀዝቀዙ ሌሊቱን የተሳሳተውን ግን ይህ አያድነውም።

ሴንሰሩን ለቲማቲሙ ብለው ከገዙ፣ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብለው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ በማትመታው አቅጣጫ፣ በቅጠሉ ከፍታ ይትከሉት። ደረቅና እርጥብ የሚለይበትን የቮልት ድንበር ከመመሪያው አይቅዱ። ንጋት ላይ ቅጠሉን እያዩ፣ የመጨረሻው ጠብታ ሲጠፋ ሴንሰሩ ያነበበውን ይውሰዱ፤ ለሦስት አራት ጠዋት ይድገሙት።

አንድ ነገር ግን ግምቱ ፈጽሞ አያየውም፦ ከላይ የሚረጭ መስኖ ካለ። ውሃው ሲለቀቅ ጣቢያው ከማሳው ዳር ከሆነ እርጥበቱ 70 እያለ ቅጠሉ ይንጠባጠባል። ማታ ላይ መስኖ ከተለቀቀ የጤዛው ሰዓት ላይ ተደምሮ 8 የነበረው 13 ይሆናል፤ ያ ከ15.1 እስከ 26.6 ዲግሪ ባለው መደብ በዋሊን ከዜሮ ወደ 2 ነጥብ ነው። የመስኖውን መክፈቻና መዝጊያ ሰዓት በፋይሉ ውስጥ እንደ አንድ ዓምድ አስገብተው እንደ ዝናብ ይቁጠሩት፣ ወይም መስኖውን ጤዛው ገና ሳይደርቅ ወደ ጠዋት ያምጡት።